ትኩረት በትምህርት ያለው ድርሻ

በየሰፈሩ «ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ ሲሰማ፣ እናቶች በጓዳ የተቀመጠውን አሮጌ ቆርቆሮና ባዶ ጠርሙስ ያስታውሳሉ። ጥሪውና ዕቃው ተደጋግመው አብረው በመቅረባቸው በአእምሮ ተቆራኝተዋልና። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች አብረው መቅረባቸው ብቻውን ትምህርትን አያስገኝም።

ቆራሌዎች የሰበሰቡት ዕቃ የሚደርስበትን፣ በመርካቶ የሚገኘውን ምን አለሽ ተራን ለአብነት እንውሰድ። አንድ ጀማሪ ልጅ ብረትን ከአሉሚኒየም መለየት የተማረው በማግኔት ነው እንበል። ቆይቶ አሠሪው «ክብደቱንም በእጅህ መዝነው» ቢለውና ልጁ ሁለቱንም ለወራት አብሮ ቢጠቀም፣ ማግኔቱ የጠፋ ዕለት ምን ይሆናል? መጠናቸው እኩል ሲሆን ብረት ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ የልጁ እጅ ግን ሊያመነታ ይችላል። ማግኔቱ መልሱን ቀድሞ ስለሚነግረው ክብደቱን ልብ የሚልበት ምክንያት አልነበረውም።

ሌዎን ካሚን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ይህን መሰል ነገር በአይጦች አሳይቷል። አንድ ድምፅ የኤሌክትሪክ ንዝረትን እንደሚያስከትል አስቀድመው የተማሩት አይጦች፣ በኋላ ከድምፁ ጋር ብርሃን ቢጨመርላቸውም፣ ብርሃኑን ለብቻው ሲያዩ እምብዛም አልፈሩም። ከመጀመሪያው ሁለቱን በአንድነት ያገኙት ግን ብርሃኑንም ፈሩ። ኒኮላስ ማኪንቶሽ እ.ኤ.አ. በ1975 ባቀረበው ሐሳብ፣ ከሌሎች የተሻለ ነገር የማይነግር ምልክት ትኩረት እየተነፈገው ይሄዳል። ጆን ክሩሽኬና ናትናኤል ብሌር እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት በሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ ይበልጥ አሳሳቢ ነገር ታየ፤ አንድ ጊዜ ችላ የተባለው ምልክት በኋላ ጠቃሚ ሆኖ ሲመጣም፣ ሰዎቹ ስለ እርሱ የተማሩት በዝግታ ነበር።

ይህ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሥዕል አንሥተን ስንጠይቅ ሕፃናቱ በአንድ ድምፅ «ጥምቀት!» ይላሉ፤ እኛም ደስ ይለናል። መልሱን የሰጣቸው በሥዕሉ ላይ ያለው ውኃ ከሆነ ግን፣ ያነበብንላቸውን ቃል ምን ብለው ያዳምጣሉ? (አንዳንዱ ልጅ እንዲያውም መልሱን የሚያነበው ከመምህሩ ፊት ነው።)

ስለዚህ ለመጀመሪያ ቁርባን በሚዘጋጁት ክፍሎች ወንጌሉ አስቀድሞ እንዲነበብ፣ ጥያቄውም እንዲጠየቅ፣ ሥዕሉ ግን ከልጆቹ መልስ በኋላ እንዲቀርብ እንመክራለን። በሥዕል መመለስን ለለመዱት ቃሉን ያለ ሥዕልና ያለ ፍንጭ ለብዙ ሳምንታት ደጋግሞ ማቅረብ ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክፍሉ ዝም ቢል መምህሩ መልሱን ለመስጠት አይቸኩል።