አሮጌው የሲዲ ማጫወቻ ይጠገን ወይስ በአዲስ ይለወጥ?

ባለፈው ወሰነ ትምህርት በማኅበራችን የሙዚቃ ክፍል ስብሰባ ላይ ትንሽ የሚመስል ጥያቄ ተነሥቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ አከራከረን። በክፍላችን ያለው የሲዲ ማጫወቻ በዘመኑ እጅግ ውድ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ዛሬ ግን አርጅቷል፤ አንዳንዱን ሲዲ ይዘላል፤ አንዳንዱንም ጨርሶ አያነብም። ከፊሎቻችን «አሮጌ ዕቃ ማስታመም ገንዘብ ማባከን ነውና በአዲስ ይለወጥ» አልን። የቀረነውም «የዱሮውን የመሰለ ጠንካራ ሥራ ዛሬ አይገኝምና ይጠገን» ብለን ተከራከርን።

ክርክሩን የቆረጠው ከካንጋተን የመጣ አንድ ጓደኛችን ነው። ዘጠኝ ሲዲዎች በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ ነበር። የኛንጋቶም ሽማግሌዎች ከብቶቻቸውን እያወደሱ የዘፈኗቸው ዘፈኖች ከብዙ ዓመት በፊት የተቀዱባቸው ናቸው። «ከዘፈኑት አብዛኞቹ ዐርፈዋል። እናንተ ስለ ማጫወቻው ትነጋገራላችሁ፤ እኔን የጨነቀኝ ግን ይህ ድምፅ ከነገ ወዲያ መገኘቱ ነው» አለን። እኛም ነገሩን እንደገና ከሥሩ ለመመርመር ተገደድን። ያገኘነውን ለአንባቢ እነሆ እናቀርባለን።

ካንጋተን በደቡብ ኦሞ የኛንጋቶም ወረዳ ከተማ ነው። ከጂንካ ወደ ኦሞ ወንዝ ቆላ ሲወርዱ ሙቀቱና አቧራው እየበረታ ይሄዳል። የኛንጋቶም ቋንቋ በኬንያ ካለው የቱርካና፣ በደቡብ ሱዳን ካለው የቶፖሳ ቋንቋ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ታሪኩና ሙገሳው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ባብዛኛው በቃልና በዜማ ስለሆነ እንዲህ ያለው ሲዲ ለባለቤቶቹ ከመጽሐፍ አያንስም።

የሀገራችን ድምፅ እስከ ዛሬ ብዙ ጊዜ ቤት ለውጧል። አዝማሪ ተሰማ እሸቴ በ1908 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ በሸክላ ተቀዳ። በ1969 እ.ኤ.አ. አምሐ እሸቴ የራሱን ኩባንያ አቋቁሞ የአዲስ አበባን ሙዚቃ በሸክላ ያሳትም ጀመር። ኢቮ ሽትሬከር የቀዳው የሐመር ሙዚቃም በ1979 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ በሸክላ ወጣ። ካሴትም መጣ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ እትም የዱሮውን ዘፈን በሲዲ አደረሰን። የተሰማ እሸቴም ድምፅ ከመቶ ዓመት በኋላ በዚሁ ተከታታይ በሲዲ ተሰማ። ከዚህ የምንማረው፣ ማጫወቻ ሁሉ ያረጃል፤ ድምፅ የሚተርፈው በጊዜው ወደሚቀጥለው ቤት ሲገለበጥ ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ። የሲዲ ማጫወቻ ለመጀመሪያ ጊዜ በገበያ የዋለው በ1982 እ.ኤ.አ. በጃፓን ሲሆን የሶኒ ሥራ ነበር። በሲዲ ላይ ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ተለክቶ እያንዳንዱ ልክ በ16 ቢት ቁጥር ይጻፋል። ማጫወቻው ቁጥሩን በሌዘር ብርሃን ያነባል፤ ከዚያም ወደ ድምፅ ይመልሰዋል። እንግዲህ ከአርባ ዓመት በፊት የተሠራውም ዛሬ የተሠራውም ማጫወቻ የሚያነቡት ያንኑ ቁጥር ነው። አዲሱ፣ አዲስ በመሆኑ ብቻ፣ በሲዲው ላይ ያልተጻፈ ድምፅ አያመጣም።

ሁለተኛ ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። ሲዲ ሲጫር ወይም ሲቆሽሽ ማጫወቻው የጠፋውን ቁጥር በሲዲው ላይ በትርፍነት ከተጻፈው ተነሥቶ ያርማል። ጉዳቱ ከዚህ አቅም ሲያልፍ ግን በፊትና በኋላ ካሉት ቁጥሮች እየገመተ ክፍተቱን ይሞላል። ስለዚህ «ጥሩ ይሰማል» ማለት «ሲዲው ደኅና ነው» ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ሲዲ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በፋብሪካ የታተመው ላይ ቁጥሩ በጥቃቅን ጉድጓዶች ተቀርጿል። ባዶ ተገዝቶ በኮምፒውተር የተቀዳው ግን ቁጥሩን የሚይዘው በቀለም ንጣፍ ላይ ነው፤ ይህም ቀለም በፀሐይና በሙቀት ይደክማል። የጓደኛችን ዘጠኝ ሲዲዎች ከዚህ ወገን ናቸው። ተፍቆ እንደገና የሚቀዳበት ሌላም ዓይነት አለ፤ እርሱ ብርሃን የሚመልሰው በጣም ጥቂት ስለሆነ ብዙዎቹ የጥንት ማጫወቻዎች አያነቡትም። በሲዲው ጠባይ የተነሣ አሮጌውን መሣሪያ የምንወቅስበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ማጫወቻው ምኑ እንደሚያረጅ እንይ። ሌንሱ አቧራ ይይዛል፤ የሌዘሩ መመላለሻ ግራሶ ይደርቃል፤ መሳቢያውን የሚያንቀሳቅሰው ጎማ ይላላል፤ ካፓሲተሮቹም በሙቀት ይደርቃሉ። እነዚህ ሁሉ እጁ ለተባ ጠጋኝ ቀላል ናቸው። ዋናው ችግር ሌዘሩ ራሱ ሲደክም ነው። ለአንዳንዱ ውድ ማጫወቻ ሌዘሩ የሚሠራበት ፋብሪካ ከተወው ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ መለዋወጫ ከሌለ ደግሞ የዋጋው ውድነት አያድነውም።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል መጠየቅ ይገባል እንላለን።

1ኛ/ መሣሪያው የሚፈለገው ለምን ሥራ ነው? ድምፅን ለማትረፍ ከሆነ ውድ ማጫወቻ አያስፈልግም። የኮምፒውተር ሲዲ ማንበቢያ በተገቢው ፕሮግራም ሲሠራ የተበላሸውን ክፍል ደጋግሞ ያነባል፤ ያልተነበበውንም ለይቶ ይነግረናል፤ በግምት አይሸፍንብንም።

2ኛ/ የተበላሸው ምኑ ነው? ሌንስ፣ ግራሶ ወይም ጎማ ከሆነ ይጠገን።

3ኛ/ ሌዘሩ ቢሞት ምትኩ ይገኛልን? የማይገኝ ከሆነ አዲስ መግዛት ስንፍናም ብክነትም አይደለም።

4ኛ/ ቅር ያሰኘን ድምፁ ነውን? ማንበቡ ደኅና ከሆነና በስተጀርባው የዲጂታል መውጫ ካለው፣ ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚለውጥ መሣሪያ ለብቻው ገዝቶ መቀጠል ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ድምፅ ማጉያዎቹንና የክፍሉን አቀማመጥ እንመርምር፤ ጆሮ ቶሎ የሚለየው የእነዚህን ልዩነት ነው።

እኛም በዚሁ ሥርዐት ሄድን። በመጀመሪያ ዘጠኙን ሲዲዎች በኮምፒውተር ገለበጥን። ሰባቱ ሙሉ በሙሉ ተነበቡ፤ ከስምንተኛው የመጨረሻዎቹ ሁለት ዘፈኖች ጠፉ፤ ዘጠነኛው ጨርሶ አልተነበበም። ጓደኛችን በእርሱ ላይ የማን ድምፅ እንደነበረ ያውቅ ነበርና ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ያ ዝምታ ከክርክራችን ሁሉ ይልቅ አስተምሮናል። አሮጌው ማጫወቻ ግን ሌንሱ ተጠርጎ ግራሶው ሲታደስ ደኅና ሆነ፤ ለአዲስ የተመደበው ገንዘብም ለሁለት የማስቀመጫ ዲስኮች ዋለ። አንዱ ከእኛ ዘንድ ይቀመጣል፤ ሌላው ወደ ካንጋተን ይመለሳል፤ ድምፁ የእነርሱ ነውና። ቤተ ሰቦቹ ከፈቀዱም በጂንካ ላለው ሙዚየም ሦስተኛ ቅጂ ይሰጣል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። አዲስ ለመግዛት ከመሮጣችን በፊት በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ያሉትን ሲዲዎች እናስብ። ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ለዕረፍት ወደ አገራችሁ ስትሄዱ የአያቶቻችሁን ድምፅ የያዘ ሲዲ ብታገኙ ከፀሐይ አርቃችሁ፣ በሽፋኑ አድርጋችሁ አምጡት። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሙዚቃ ክፍሉ ውስጥ እንገለብጣለን። ማጫወቻው ሊቆይ ይችላል፤ ሲዲው ግን አይጠብቀንም።