ማር የነካ ጣትና የደም ስኳር መለኪያ

በቦንጋ አጠገብ የምትገኘው ማንኪራ ስሟ የታወቀው በቡና ነው፤ ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ማር ነው። በካፋ ደን ገበሬው ቀፎውን ከረዥም ዛፍ ላይ ይሰቅላል፤ ማሩን ቈርጦ ሲያወርድም ከእጁ ላይ ጥቂት ሳይቀር አይቀርም። ይህ ጥቂት ማር የስኳር በሽታ ያለበትን ሰው እንዴት እንደሚያሳስት ለመረዳት፥ አስቀድመን የመለኪያውን አሠራር ማየት ይገባናል።

ደም በሚነካው ስትሪፕ ጫፍ ላይ ኢንዛይም ተቀብቷል። ኢንዛይም ማለት አንድን ነገር መርጦ ወደ ሌላ የሚለውጥ ፕሮቲን ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለው ሲሆን፥ የሚገኘውም ከሻጋታ ነው። ይህ ኢንዛይም ከደሙ ግሉኮስ ኤሌክትሮኖችን ይወስዳል፤ አቀባይ የሆነ ሌላ ንጥረ ነገርም ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሮዱ ያደርሳቸዋል። ስኳሩ በበዛ መጠን የኤሌክትሪኩ ፍሰት ይበዛል፤ መሣሪያውም ፍሰቱን ለክቶ በቍጥር ያሳየናል። የዚህን ሥራ መሠረት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1962 ዓ.ም. የጣሉት ሊላንድ ክላርክና ቻምፕ ላየንስ የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። የሚያስደንቀው ግን ንብም ማር ስትሠራ የዚሁ ዓይነት ኢንዛይም ከራሷ የምትጨምር መሆኗ ነው።

እንግዲህ ኢንዛይሙ ግሉኮስን ከሌላው ስኳር ይለያል እንጂ፥ ከደም የመጣውን ከማር ከመጣው አይለይም። ጤነኛ ሰው ሳይበላ ባደረበት ጧት በ100 ሚሊ ሊትር ደሙ ውስጥ የሚገኘው ግሉኮስ ከ70 እስከ 99 ሚሊ ግራም ነው፤ በ100 ግራም ማር ውስጥ ግን 30 ግራም ያህል አለ፤ ይኸውም ከ300 ጊዜ በላይ ማለት ነው። የሚለካው የደም ጠብታ እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ፥ ለዓይን የማይታይ የማር ቅሪት ቍጥሩን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ይህን ሐሰተኛ ቍጥር አምኖ መድኃኒቱን ቢጨምር፥ ስኳሩ ከመጠን በታች ወርዶ ያልበዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ራሱንም ስቶ ሊወድቅና ሊሞት ይችላል።

በአልኮል የራሰ ጥጥ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ አይበቃም። አልኮል ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ስኳርን እንደ ውሃ አያሟሟም። በ2011 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) በጃፓን የተደረገ ጥናት ታትሞ እንደ ነበረ፥ ፍራፍሬ የላጡ ሰዎች ጣታቸውን ደጋግመው በአልኮል ቢጠርጉም ቍጥሩ ከፍ እንዳለ ቀርቷል፤ በውሃ ሲታጠቡ ግን ትክክለኛው ተገኝቷል።

ስለዚህ ጣት ከመወጋቱ በፊት እጅ በውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ በንጹሕ ጨርቅም ይድረቅ፥ እርጥበት ደሙን ያቀጥነዋልና። ያልተጠበቀ ከፍተኛ ቍጥር ቢታይ መድኃኒት ከመጨመር በፊት እንደገና ታጥቦ መለካት ያስፈልጋል። የስትሪፑም ዕቃ፥ ዝናብ በሚበዛበት በካፋ አገር ይልቁንም፥ አንዱ እንደ ወጣ ወዲያው ይከደን፤ እርጥበት የገባበት ኢንዛይም ይበላሻል።