ኅዳር ሚካኤል በጁባ ሸሪካት፦ ጽዋ ለሚያወጣ ተረኛ

ተራው የደረሰው ሰው በቅድሚያ ካላንደር ይይ። ኅዳር 12 የነቢያት ጾም ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ስለሚውል፣ ረቡዕና ዓርብ ላይ ካላረፈ ፍስክ ነው። በ2018 ዓርብ ነበር፤ በ2019 ቅዳሜ ይውላል፣ በጁባ አቆጣጠር ኖቬምበር 21። ኅዳር 21 ጽዮንን የሚዘክር ማኅበር ግን ምንጊዜም ጾም ላይ ነውና ዶሮውን ይርሳው።

ቀጥሎ ገንዘቡን ይቁረጥ። በዕለቱ የሚነበበው የዱራታኦስና የቴዎብስታ ታሪክ ነው፦ ድርቅ ሀብታቸውን ቢያራቁተውም የመልአኩን ዝክር ላለማስታጎል ልብሳቸውን ሊሸጡ የተነሡ ባልና ሚስት፣ በመጨረሻም ከዓሣ ሆድ ወርቅ ያገኙ። ይህን ሰምቶ በዱቤ የሚደግስ አለ። ለእነሱ ዋስ የሆናቸው ሚካኤል ነው፤ የሸሪካት ባለሱቅ ሌላ ዋስ ይፈልጋል። ጽዋ ሠርግ አይደለም፤ ዳቦ፣ ጠላና አንድ ወጥ ይበቃል።  

ጠላው ላይ ሙቀቱን ማሰብ ነው። ጁባ ከባሕር ወለል 550 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ ደጋ ላይ በቀናት የሚቆጠረው ጥንስስ እዚህ ይቸኩላል። ስለዚህ ዘግይተው ይጠንስሱ፣ ጠዋት ማታ ይቅመሱ። የቦቴ ውሃ ፈልቶ ሳይቀዘቅዝ ጌሾ እንዳይነካ። እንስራ ከተገኘ በወይራ ይታጠን፤ ጀሪካን አይታጠንም፣ በደንብ አጥቦ ማድረቅ ብቻ ነው። ጠላ የማይሆንለት ቤት ማር በውሃ በጥብጦ ብርዝ ያቅርብ፤ ማንም አይከፋም።

ዳቦው የበለጠ ያታልላል። አዲስ አበባ ሌሊቱን የሚያድር ሊጥ እዚህ ገንፍሎ ይኮመጥጣል፤ ማለዳ ተነሥቶ ማቡካት ነው የሚሻለው። ጥቁር አዝሙድ ጣል ያድርጉበት። ኮባ ባይኖርም የሙዝ ቅጠል ሞልቷል፦ የመሐሉን አጥንት ገፍፎ፣ እሳት ላይ አለፍ አለፍ አድርጎ ለብለብ ማድረግ፤ አረንጓዴው ጠቆር ብሎ ሲያብረቀርቅ መታጠፍ ይጀምራል፣ ያለዚያ ይሰነጠቃል። ምጣዱን በቅጠሉ ደራርቦ አልብሶ ሊጡን መገልበጥ፣ በላዩም ቅጠል መመለስ፣ ከዚያ ከታች ከሰል ከላይም በብረት ክዳን ላይ ፍም። የላዩ ፍም ከታቹ በርከት ይበል፤ ታቹ ቶሎ ያርራል።

በዕለቱ ቤቱ ይጠረግ፤ ሥዕለ ሚካኤል በምሥራቅ በኩል ይሰቀል፤ ጧፉ መጋረጃ እንዳይነካ። ዳቦው በመሶብ፣ ጽዋው በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ፊት ይቀመጥ። ካህን ካለ ጸሎት አድርሶ፣ ድርሳነ ሚካኤል አንብቦ ዳቦውን ባርኮ ይቆርሳል። ከሌለ የማኅበሩ ሙሴ (መሪው) ወይም በዕድሜ የገፋ አባት አቡነ ዘበሰማያት አስደግሞ ይቁረስ። ማኅበርተኛው ጸበል ጸዲቁን ሳይቀምስ ወጥ አይወጣ።

ከመሶቡ ላይ አስቀድሞ ለነዳያንና ለጎረቤት የሚሆን ይነሣ። ጎረቤት ማለት ሀበሻው ብቻ አይደለም፤ ግድግዳ የሚጋሩት የአገሩ ሰዎች ዕጣኑን ሸተው፣ መዝሙሩን ሰምተው ዳቦ ባይደርሳቸው ነውር ነው።

በመጨረሻ ሙሴው የሚቀጥለውን ተረኛ ይጠራል። ተረኛው ተነሥቶ ጽዋውን በእልልታ ይቀበላል፤ «ለወሩ በሰላም ያድርሰን» ይባላል። የታመመ፣ የራቀ፣ እጅ ያጠረው ካለ ተራ መለዋወጡ የሚነገረው እዚሁ ላይ ነው፣ በኋላ በስልክ ሲሆን ቅሬታ ይወልዳል። ከድልድዩ ማዶ ከጁባ ከተማ የመጡ ሳይመሽ እንዲሻገሩ ቡናው ከ10 ሰዓት ወዲያ አይለፍ።