ደወልና አዕማደ ግሥ

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በወሎ ይገኛል። ደወል በየደብሩ ለጸሎት፣ ለቀብርና ለአደጋ ይደወላል። በጣና ገዳማት እንደሚታየው፣ ጥንታዊው ደወል ተንጠልጥሎ በድንጋይ የሚመታ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው።

ከ5ቱ አዕማደ ግሥ 3ቱን አስተያዩ፦

ሀ. ዲያቆኑ ደወሉን ደወለ። (አድራጊ)
ለ. ደወሉ ተደወለ። (ተደራጊ)
ሐ. አበምኔቱ ደወሉን በዲያቆኑ አስደወሉ። (አስደራጊ)

በ«ለ» ደዋዩ እንደ ተሰወረ ልብ በሉ። በአምባሰል ተራራ ግርጌ ሌሊት የአደጋ ደወል የሰማ ገበሬ ደዋዩን ሳይጠይቅ ይሮጣል፤ ለእርሱ «ተደወለ» ይበቃዋል። መንደሩ ከእሳት የዳነበትን ታሪክ ስትጽፉ ግን በአድራጊው ተጠቀሙ፤ አለዚያ ባለውለታው ይረሳል።

መልመጃ፦ «መታ» የሚለውን ግሥ በ3ቱ አዕማድ እያገባችሁ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።