ማንኮራፋትና የትንፋሽ መቋረጥ

የሚያንኮራፋን ሰው ብዙዎቻችን «እንቅልፍ ወስዶታል» ብለን እናልፈዋለን። አንዳንዱ ግን ተኝቶ ሳለ ጉሮሮው እየተደፈነ ትንፋሹ ለ10 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ይቋረጣል፤ ከዚያም እንደታፈነ ሰው ባንኖ ይተነፍሳል። ይህ ሌሊቱን ሲደጋገም ጠዋት ራስ ምታት፣ ቀን እንቅልፍ ያመጣል። በማታው ክፍላችን የሚያንቀላፋ ጎልማሳ ሁሉ ሰነፍ አይደለም። በጁባ መንገድ ቦዳቦዳ ለሚነዳ ወንድማችንማ አደጋው ግልጽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቹ በአፍንጫ በኩል አየር እየነፋ ጉሮሮን የሚከፍት መሣሪያ አስተዋወቁ። ዛሬም ዋነኛው ሕክምና ይኸው ነው፤ ሆኖም ሌሊቱን ሙሉ መብራት ይፈልጋል፤ ጄነሬተሩ ሲጠፋ አብሮ ይቆማል።

አፍ ውስጥ የሚደረገው መሣሪያ መብራት አይጠይቅም። ጥርስ ላይ ተገጥሞ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ስለሚስብ ምላስ ወደ ኋላ አይወድቅም። ሕመሙ ላልጠናበት ይረዳል፤ ጥርሱ ለረገፈ ግን አይሆንም። የጥርስ ሐኪም ለክቶ ቢሠራው ይመረጣል።

አፍንጫ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር ድምፁን ቢቀንስም መታፈኑን አያስቀርም። እንዲያውም ድምፁ ሲጠፋ ቤተሰብ ይዘናጋል።

ስለዚህ አብሮት የሚያድር ሰው ትንፋሹ ሲቋረጥ ካየ ለጤና ጣቢያ ይንገር፤ የደም ግፊቱም ይለካ። እስከዚያው በጎን መተኛትና ማታ አረቄ አለመጠጣት ይረዳል።