ካን የተባለው የጦር ውሻና ኹለቱ ጌቶቹ

ውሻ በአገራችን የቤት ጠባቂና የእረኛ ጓደኛ ኾኖ ይኖራል፤ ሌሊት የጅብ ድምፅ ሲሰማ ይጮኻል፥ ቀን በጥላ ሥር ይተኛል። ስሙ ግን በሰው አፍ ለስድብ እንጂ ለምስጋና ብዙ ጊዜ አይነሣም። ኾኖም በኹለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንድ ውሻ በሠራው ሥራ ከወታደር ጋራ ተቈጥሮ የነሐስ ሜዳይ ተሸልሟል። ታሪኩ ተማሪዎች ደስ ብሏቸው የሚሰሙት፥ ሽማግሌዎችም የሚፈርዱበት ነገር ያለው ስለ ኾነ ከዚህ ቀጥሎ ተጽፏል። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው።

የውሻው ስም ካን ነው። ዘሩም የጀርመን በግ ጠባቂ የሚባለው፥ ጆሮው የቆመ፥ ቁመቱ ትልቅ፥ መልኩ ተኵላ የሚመስል ነው። እንግሊዞች ግን ከፊተኛው ታላቅ ጦርነት ወዲህ የጠላታቸውን ስም በውሻቸው ላይ መጥራት ስላልወደዱ፥ አልሳስ በተባለው አገር ስም አልሳሺያን ይሉት ነበር። ስሙ ቢለወጥም ውሻው ያው ነው።

ካን ያደገው ከሎንዶን ከተማ በስተደቡብ በሱሬ አውራጃ በአንድ ቤተሰብ ዘንድ ነው። ጦርነቱ በበረታ ጊዜ የእንግሊዝ የጦር ሚኒስቴር ሕዝቡ ውሾቹን ለጦር ሥራ እንዲያውስ አስታወቀ። በቤቱ የነበረ የ8 ዓመት ልጅ ይህን ሰምቶ ካን ይወሰድ ዘንድ በገዛ እጁ ደብዳቤ ጻፈ። በዚያን ጊዜ ምግብ ለሰው እንኳ በልክ ይታደል ነበርና ትልቅ ውሻ መቀለብ ቀላል አልነበረም፤ ነገር ግን አንድ ልጅ የሚወደውን ውሻ ወደ ጦርነት መስደዱን በቀለብ ችግር ብቻ መተርጐም አይገባም። ውሻው የተሰጠው በውሰት እንጂ በስጦታ እንዳልነበረ መምህሩ ልብ ያድርግ፤ የታሪኩ ፍጻሜ በዚህ ላይ የቆመ ነውና።

በማሠልጠኛው ቤት ውሾቹ እንደየጠባያቸው ይለያሉ። አንዳንዱ ዕቃ ቤትና ሰፈር ይጠብቃል፤ አንዳንዱ በመሬት ውስጥ የተቀበረ ፈንጂ እያነፈነፈ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ደግሞ በሌሊት ከቃኚ ወታደሮች ፊት ፊት እየሄደ የተሸሸገውን ጠላት ያመለክታል። ከኹሉ የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ቃኚ ውሻ መጮኽ የለበትምና። በመንደር ውሻ የሚመሰገነው ስለሚጮኽ ነው፤ በጦር ሜዳ ግን አንድ ጩኸት የጓደኞቹን ኹሉ ሕይወት ያስጠፋል። ስለዚህ ጠላት በሸተተው ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆማል፥ ጆሮውን ያቀናል፥ አፍንጫውን ወደዚያ ያዞራል፤ ጠባቂውም ምልክቱን በጨለማ አስተውሎ ለአለቃው ያስታውቃል። እንዲህ ያለ ትምህርት በዱላ አይገኝም። አንድ ውሻ ለአንድ ጠባቂ ይሰጣል፤ ያው ሰው ያበላዋል፥ ጠጕሩን ያበጥርለታል፥ ደግ ሲሠራ ያመሰግነዋል። የተመታ ውሻ ዱላው እስካለ ድረስ ይታዘዛል፤ ገመዱ ተፈትቶለት በጨለማ ሲሄድ ግን ወደ ጠባቂው የሚመልሰው ፍቅር ብቻ ነው።

ካን በ6ኛው የካሜሮንያን ሻለቃ ውስጥ ምክትል አሥር አለቃ ለነበረው ለማልዱን ተሰጠ። እርሱንም ባለጠብመንጃ ካን ብለው ከተራው ወታደር ጋራ ቈጠሩት። ሻለቃው የስኮትላንድ ሰዎች ጦር ሲኾን ከ52ኛው ክፍለ ጦር ወገን ነበር። ይህ ክፍለ ጦር ለተራራ ውጊያ ብዙ ጊዜ ሲሠለጥን ኖሮ፥ ኋላ የተላከው ምድሩ ከባሕር ወለል ዝቅ ወዳለው ወደ ሆላንድ ጠረፍ ነው፤ የጦርነት ነገር እንዲህ ነው።

የውጊያው ምክንያት ይህ ነበር። በሴፕቴምበር 1944 የእንግሊዝ ጦር አንትወርፕ የተባለውን የቤልጅግ ታላቅ ወደብ ያዘ። ወደቡ ግን ከባሕር 80 ኪሎሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ በስኬልት ወንዝ ላይ ያለ ነው፤ በወንዙ አፍ ያለችውን የዋልኸረንን ደሴት ደግሞ ጀርመኖች በትልልቅ መድፍ ይጠብቋት ነበር። ደሴቲቱ ካልተያዘች መርከብ አይገባም፤ መርከብ ካልገባም የሠራዊቱ ስንቅና ቤንዚን ከሩቅ ከፈረንሳይ ጠረፍ በመኪና ይጋዛል። መምህሩ በመሬት ላይ በበትር የወንዙን አፍ፥ በአፉ ላይ ደሴቲቱን፥ በውስጥ ወደቡን ቢሥል፥ ቤቱ ተይዞ የደጁ ቍልፍ በጠላት እጅ እንደ ቀረ ተማሪዎቹ ቶሎ ያስተውላሉ።

ወደ ደሴቲቱ በምሥራቅ በኩል የሚያገባው በውሃ መካከል የተደለደለ አንድ ጠባብ መንገድ ነበር፤ ርዝመቱ 1 ኪሎሜትር ያህል ነው፥ መሸሸጊያም የለውም። የካናዳ ወታደሮች በዚያ ሊያልፉ ሞክረው ብዙ ሰው አለቀባቸው። ስለዚህ የስኮትላንዶቹ ሻለቃ በመንገዱ አጠገብ ያለውን ስሎ የተባለውን ሰርጥ በትንንሽ ጀልባ በሌሊት እንዲሻገር ታዘዘ። ሰርጡ ውሃ ብቻ አይደለም፤ ባሕሩ ሲሸሽ የገባበትን ሰው አልለቅ የሚል ጥልቅ ጭቃ ይገለጣል።

ጊዜው ኖቬምበር 1944፥ በእኛ አቈጣጠር በ1937 ዓመተ ምሕረት የጥቅምት መጨረሻ ነበር። ማልዱንና ካን በአንድ ጀልባ ገቡ። ጀልባይቱ በመሻገር ላይ ሳለች የመድፍ ጥይት መታትና ሰውም ዕቃም ውሻም በቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ተበተነ። ማልዱን ዋና አያውቅም፤ የለበሰውና የታጠቀው ወደ ታች ይስበዋል። ካን እየዋኘ ከዳር ደረሰ። በዚያም ቆሞ ጠባቂውን ፈለገ፥ አጣውም።

እዚህ ላይ ማንም አላዘዘውም። የተማረውም ጠላትን ማሽተት እንጂ ሰውን ከውሃ ማውጣት አልነበረም። መድፉ አላቋረጠም፤ በጨለማው የሚጣሩት ሰዎች ብዙ ነበሩ። ካን ከእነዚያ ድምፆች መካከል የአንዱን ለይቶ ወደ ወጣበት ውሃ ተመለሰ። እንደሚተረከው 200 ሜትር ያህል ዋኝቶ ማልዱንን አገኘው፤ የልብሱን ኮሌታ ነክሶ እየጐተተ ወደ ዳር አደረሰው፥ ከዳርም በጭቃው ውስጥ ወደ ደረቅ መሬት አወጣው። ኹለቱም ደክመው እዚያው ወደቁ። ደሴቲቱ ከጥቂት ቀን በኋላ ተያዘች፤ በዚያው ወር መጨረሻም መርከቦች ወደ አንትወርፕ ገቡ።

ሥራው ተመስክሮለት ካን በ27 ማርች 1945 የዲኪን ሜዳይ ተሸለመ። ይህን ሜዳይ በ1943 ያቆመችው ማሪያ ዲኪን የተባለች እንግሊዛዊት ናት፤ እርሷም በ1917 የድኾችን እንስሳት በነጻ የሚያክም ማኅበር በሎንዶን የመሠረተች ሴት ነበረች። በሜዳዩ ላይ «ስለ ጀግንነት» እና «እኛም እናገለግላለን» የሚል ተጽፎበታል። እስከ 1949 ድረስ ለ54 እንስሳት ተሰጥቷል፤ ከነዚህም 32ቱ ርግቦች፥ 18ቱ ውሾች፥ 3ቱ ፈረሶች፥ አንዱ ድመት ነው። ለውሻ ሜዳይ ምን ያደርግለታል የሚል ተማሪ ቢነሣ ጥያቄው የተገባ ነው፤ ካን ከነሐሱ ይልቅ ቍራሽ ሥጋ በወደደ ነበር። ጽሕፈቱን የሚያነብበው ሰው ነው።

ጦርነቱ ሲያልቅ ማልዱን ካንን ለራሱ ለማስቀረት ለመነ። ቤተሰቡ ግን ውሻችን ይመለስልን አሉ። መምህሩ ንባቡን እዚህ ላይ አቁሞ ተማሪዎቹን ከሳሽና ተከሳሽ አድርጎ ቢያሟግት፥ ሽማግሌም ቢያስፈርድ መልካም ነው። አንዱ ወገን፦ ከቡችላነቱ ጀምረን ያሳደግነው እኛ፥ ያዋስነውም እኛ ነን፤ የተዋሰ ሰው ይመልሳል ይላል። ሌላው፦ በሕይወት የቆምኩት በእርሱ ነው፤ ስንቅና ሞትን ዐብረን ተካፍለናል ይላል። የሹሞቹ ፍርድ በውሰቱ መሠረት ኾነ፤ ካን ወደ ሱሬ ተመለሰ፥ ማልዱንም ብቻውን ወደ ስኮትላንድ ገባ።

በ1947 በእንግሊዝ አገር ታላቅ የውሾች ትርኢት ተደርጎ ካን ከሌሎች የጦር ውሾች ጋራ ተጠራ። የልጁ አባትም ማልዱን መጥቶ በሰልፉ ላይ ካንን እንዲመራው በደብዳቤ ጋበዘው። ካን የማልዱን መምጣት በታወቀው ጊዜ ገመዱን ከያዘው ሰው እጅ አስጥሎ በሕዝቡ ፊት ሜዳውን አቋርጦ ሮጠ። በጦር ሜዳ ዝም ማለትን የተማረው ውሻ ያን ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጮኽ ነበር። ማልዱን ዐንገቱን ዐቅፎ አለቀሰ። አባትዮው ይህን ቆሞ ካየ በኋላ ውሻውን ለማልዱን ሰጠው፤ ይህ ጊዜ ግን በውሰት አልነበረም። ካንም ከማልዱን ጋራ ወደ ስኮትላንድ ሄደ።