ጣናን ከሰማይና ከዳር ሆኖ መጠበቅ

ከሐሙሲት ወደ ወረታ የሚጓዝ ሰው የጉማራን ወንዝ ይሻገራል። ጉማራም የደጋውን አፈር ተሸክሞ ወደ ጣና ይወርዳል። የጣና ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ዳርቻውን ሁሉ በእግር ዞሮ መመልከት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሐይቁን ከሰማይ ሆኖ መመልከት እንዴት እንደሚቻል በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ እንመለከታለን።

እንቦጭ የተባለው አረም የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፥ በጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አየሩና ውሃው ሲስማማው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ታንኳን ያግዳል፤ የዓሣ አጥማጁን መረብ ይይዛል፤ ግጦሹንና የሩዙን ማሳ ይወርሳል። ገበሬው በእጁ እየነቀለ ቢታገለውም፥ የት እንዳለ ቀድሞ ካልታወቀ ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ሳተላይት አረሙን የሚያየው በብርሃን ነው። ለምለም ቅጠል፥ ታሕታይ ቀይ የሚባለውን ለዓይናችን የማይታይ ብርሃን አብዝቶ ይመልሳል፤ ውሃ ግን ይውጠዋል። ስለዚህ በዚህ ብርሃን በተነሣ ሥዕል ላይ ውሃው ጠቁሮ፥ ቅጠሉ ደምቆ ይታያል። የዛሬውን ሥዕል ካለፈው ጋር ያስተያየ ሰው አረሙ መስፋቱን ወይም መቀነሱን ያውቃል።

ላንድሳት የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ምድርን ሲያነሡ ኖረዋል፤ ሥዕሎቻቸውም ከ2008 ወዲህ ለሁሉም በነጻ ይሰጣሉ። የአውሮፓው ሴንቲኔል ሁለትም ሥዕሉን እንዲሁ በነጻ ያካፍላል። አገራችንም የመጀመሪያዋን ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር አምጥቃለች።

ነገር ግን ሳተላይት ሁሉን አያይም። የሴንቲኔል ሁለት ሥዕል አንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር፥ ማለት 100 ካሬ ሜትር ናት፤ ከዚህ በጣም ያነሰ የአረም ክምር ሊሰወር ይችላል። በክረምት ደመናው ይጋርዳል። ደንገሉም፥ ሩዙም፥ እንቦጩም አረንጓዴ ስለ ሆኑ ይምታታሉ። ነፋስም ተንሳፋፊውን አረም ከቦታ ቦታ ይወስደዋል።

በባሕር ውስጥ ያሉትን የዛጎል ድንጋዮች፥ ማለት ኮራሎችን፥ የሚጠብቁ ሊቃውንትም እንዲህ ያለ ችግር አለባቸው። ሳተላይቱ የባሕሩ ሙቀት ከልኩ ማለፉን ያስጠነቅቃል፤ ኮራሉ በእርግጥ መንጣቱን ግን ጠላቂ ዋናተኛ ወርዶ ያረጋግጣል። የሁለቱ መረጃ ሲገናኝ እውነቱ ይታወቃል።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ! ለጣና ጠላቂው እኛ ነን። ወደ ሐይቁ ዳር የወረደ ተማሪ እንቦጭ ቢያይ ቀኑን፥ ቦታውንና የሸፈነውን ስፋት በደብተሩ ጽፎ ለመምህሩ ያስረዳ። ትንሹን አረም ሳተላይቱ ሳያየው፥ እኛ አይተን ልንናገር እንችላለንና።